የድሮ የባቡር ማስታወቂያና ቤዝቦል፦ ምን ይገዛል፣ ምን ይታለፋል

ቤዝቦል ነክ እቃ የሚሰበስብ ሰው ስታገኙ መቼም ወሬው ካርድ፣ ያ የተጫዋች ስዕል ያለበት፣ ነው። በ2022 ቶፕስ የሚባለው ካምፓኒ በ1952 ያሳተመው የተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ከተባለ ወዲህማ ጭራሽ ብሶበታል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ካርድ ሰብሳቢው ብዙም ዞር ብሎ ስለማያየው ነገር ነው፣ የአሜሪካ የባቡር ካምፓኒዎች በ1800ዎቹ መጨረሻና በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሰው በነሱ ባቡር ተሳፍሮ ጨዋታ እንዲያይ ብለው ስላሳተሙት ወረቀት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፣ መንገድ ላይ የሚታደለው፣ ኪስ ውስጥ የምትገባዋ ትንሿ ፕሮግራም፣ ሁሉም። ዓመተ ምህረቱን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ወረቀቱም ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ኋላ እንዳትደናገሩ።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይቺን ብቻ ያዙልኝ፣ መጀመሪያ ጨዋታውን አግኙት ከዛ ወረቀቱን ግዙት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጨዋታ የምር ተደርጎ ከሆነ በዛ ሳምንት ጋዜጣ ላይ የሆነ ቦታ ይኖራል፣ ውጤቱ ይኖራል፣ አንዳንዴ የሽርሽር ባቡሩ ምን ያህል ሰው ይዞ እንደመጣም ይጽፋሉ። እንዲህ ከጨዋታው ጋር ያገናኛችሁት ተራ የሚመስል ወረቀት ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ባለቀለም ትልቅ ፖስተር ይበልጣል፣ ለኔ ብቻ አይደለም ገበያውም ላይ እንደዛው ነው።

ወረቀቱ ለምን ታተመ?

ነገሩ ወዲህ ነው፣ በዛን ዘመን መኪና የለም፣ ከከተማ ከተማ የሚኬደው በባቡር ነው፣ ውሃ ባለበት ደግሞ በመርከብ። በ1860 የብሩክሊኑ ኤክሴልሲየር ክለብ ኦልባኒ፣ ትሮይ፣ በፋሎ፣ ሮቸስተር እያለ ኒውዮርክ ስቴትን ዞሮ ሲጫወት የወሰደው ባቡር ነው። በ1869 ሜይ 10 ላይ ዩታ ውስጥ ፕሮሞንተሪ በሚባል ቦታ የምስራቁና የምዕራቡ ሃዲድ ተገጣጠመ፣ ዓመት እንኳን ሳይቆይ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር የሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ፣ እነዛ ደሞዛቸውን በግልጽ እየተቀበሉ የተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ፣ በሃሪ ራይት መሪነት በዛው መስመር ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ ሄደው ተጫወቱ። ሃዲድ ባይኖር ሊግ የሚባል ነገር ራሱ አይታሰብም ነበር።

ባቡሩ ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። ሰው ሞላም አልሞላም ይሄዳል፣ ከሰሉም ይነዳል ሰራተኛውም ይከፈለዋል፣ ስለዚ በዓል ሲሆን ሁለት ሶስት ፉርጎ ጨምሮ ደርሶ መልሱን በቅናሽ መሸጥ ያዋጣዋል። ለዚህ ነው ከምታገኟቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ በጁላይ 4 (የአሜሪካ የነጻነት ቀን) ወይም በሜይ 30 (የሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ ቀን) የሚሆኑት፣ በነዚ ቀኖች ጠዋት አንድ ከሰዓት አንድ ጨዋታ ይደረግና ለየብቻው መግቢያ ይከፈል ነበር። መግቢያው በናሽናል ሊግ 50 ሳንቲም፣ ከ1882 እስከ 1891 በቆየው በአሜሪካን አሶሲዬሽን ደግሞ 25 ሳንቲም ነበር፣ አንዳንዱ ወረቀት ላይ የባቡሩና የመግቢያው ዋጋ አንድ ላይ ተደምሮ ነው የሚጻፈው። እንደዚህ አይነት ካገኛችሁ ደምሩት፣ ቀንሱት፣ መግቢያውን ስታወጡለት የትኛው ሊግ እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣችኋል።

ባቡሩ ጨዋታውን እስከማቋረጥም ይደርስ ነበር እኮ። የድሮ ጋዜጣ ስታነቡ እንግዳው ቡድን ባቡር እንዳያመልጠው ጨዋታው ከዘጠኙ ዙር (ኢኒንግ) በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ላይ ቆመ የሚል ሞልቷል። በ1880 ሴፕቴምበር 2 ማሳቹሴትስ ናንታስኬት ቢች ላይ በኤሌክትሪክ መብራት የተደረገው ጨዋታ፣ የሁለት የቦስተን ትልልቅ ሱቆች ሰራተኞች ናቸው የተጫወቱት፣ 16 ለ 16 እንደሆነ የቀረው ወደ ቦስተን የምትመልሳቸው የመጨረሻዋ ጀልባ እንዳታመልጣቸው ብለው ነው። ለሰብሳቢ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ጋዜጣው ባቡር ለመያዝ ቆመ ያለበት ሰዓትና እናንተ እጅ ያለው ወረቀት ላይ ያለው የመልስ ባቡር ሰዓት ከገጠመ በቃ ሌላ ምስክር ምን ያደርጋል።

ምን ምን አይነት አለ

ትልቁና ውዱ ብሮድሳይድ የሚባለው ነው፣ ባንድ በኩል ብቻ የታተመ ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። በእንጨት ፊደል የታተመ ስለሆነ ፊደሉ ከሩቅ ይጮሃል። በታወቀ ቡድን ስም ከሆነ ሺዎች ዶላር ነው የሚገባው፣ ለጀማሪ አልመክርም። እኔ የማደላው ለሃንድቢል ነው፣ በእጅ የሚታደለው ትንሹ፣ ብዙ ጊዜ ሮዝ ወይ ቢጫ ወይ አረንጓዴ ርካሽ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ስዕል የሌለው፣ ባቡሩ የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ከጎናቸው ሰዓትና ዋጋ ያለበት። ለማየት ደረቅ ነው ግን መረጃው ሁሉ እዛ ላይ ነው ያለው።

ከዛ የኪስ ፕሮግራሞች አሉ፣ ባንድ በኩል የሊጉ የዓመት ጨዋታ በሌላው በኩል የባቡር ካምፓኒው ማስታወቂያ። ትሬድ ካርድ የሚባሉት ደግሞ በ1870ዎቹና 80ዎቹ በድንጋይ ህትመት በቀለም የተሰሩ ትንንሽ የማስታወቂያ ካርዶች ናቸው፣ የቦስተኑ ቡፎርድን የመሰሉ አታሚዎች አስቂኝ የቤዝቦል ስዕል አድርገው በብዛት ያትሙና ባዶ ቦታ ይተዉበታል፣ ከዛ ማንም ነጋዴ ገዝቶ የራሱን ስም ያስመታበታል። ተራው ካርድ በአስር ዶላሮች ቤት የሚገኝ ነው፣ የባቡር ካምፓኒ ስም የተመታበት ግን ቁጥሩ ያነሰ ስለሆነ አንድ አይነት ስዕል ኖሮት ዋጋው ይለያያል። ስዕሉን ሳይሆን በጥቁር የተመታውን ጽሁፍ ነው የምትገዙት ማለት ነው።

የነጻ መሳፈሪያ ካርድ፣ ፓስ የሚሉት፣ ሌላው ነው። የባቡር ካምፓኒዎች ለጋዜጠኛው ለፖለቲከኛው ለወዳጁ ሁሉ ያድሉት ነበር፣ በ1906 የሄፕበርን ህግ መጥቶ አብዛኛውን እስኪከለክለው ድረስ። የፓሱ ቁጥር ብዙ ስለሆነ በራሱ ርካሽ ነው፣ ግን ከጀርባው የተጻፈውን ስም ሳታነቡ አትለፉ፣ የክለብ ሰው ወይም የስፖርት ጋዜጠኛ ሊሆን ይችላል፣ ሻጩ አያውቀውም።

የከተማ ትራም ነገርም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ኤሌክትሪክ ትራም በ1888 ፍራንክ ስፕራግ ሪችመንድ ቨርጂኒያ ላይ በትልቁ ካሳየ በኋላ ባንዴ ተስፋፋ፣ የትራም ካምፓኒዎችም መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ መናፈሻና ሜዳ እየሰሩ እሁድ ቅዳሜ ሰው ይጭኑ ነበር። የብሩክሊን ዶጀርስ የሚባለው ቡድን ስም ራሱ (ዶጀር ማለት የሚሸሽ ነው) የመጣው ትራም እየሸሹ ከሚሻገሩት የብሩክሊን ሰዎች ነው። ዛሬ ጨዋታ አለ የሚል የትራም ግንባር ላይ የሚንጠለጠል ምልክት የሁሉም ሰው ምኞት ነው፣ ስለዚ ፎርጅዱም እዛው ነው የሚበዛው፣ በተለይ ብረት ላይ የተሰራውን ከማን እጅ እንደመጣ ሳይነግሯችሁ ባትነኩት ይሻላል።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው አለ። ቤዝቦል ዋናው ርዕስ ያልሆነበት የሽርሽር ማስታወቂያ፣ የቤተክርስቲያን ፒክኒክ፣ የካውንቲ ፌር፣ የሆነ ማህበር ዓመታዊ በዓል። ከላይ በትልቁ ፒክኒክ ይላል፣ ከዛ የማርሽ ባንድ፣ ዳንስ፣ የጀልባ ውድድር፣ ከዛ በታች በደቃቅ ፊደል ከሰዓት በኋላ የእገሌ ከተማና የእገሌ ከተማ ክለቦች ይጋጠማሉ የምትል አንዲት መስመር። ሻጩ የባቡር እቃ ወይም የአካባቢ ታሪክ ብሎ ነው የሚያወጣው፣ የቤዝቦል ሰው አያየውም፣ እና ዋጋው እንደዛው ነው። ኦንላይን ስትፈልጉ ቤዝቦል የሚለውን በዛን ዘመን ይጻፍ እንደነበረው በሁለት ቃል ለያይታችሁ ፈልጉ፣ ደግሞ በስፖርት ክፍል ሳይሆን በባቡር ክፍል ውስጥ።

የጥቁር ተጫዋቾችን ታሪክ መሰብሰብ ለሚፈልግ ፔጅ ፌንስ ጃይንትስን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1895 ሚቺጋን ኤድሪያን ከተማ በሽቦ አጥር ካምፓኒ ስፖንሰርነት የተቋቋመ የጥቁሮች ቡድን ነው፣ መስራቾቹ በድ ፋውለርና ግራንት ጆንሰን ናቸው፣ ፋውለር በ2022 ኩፐርስታውን ያለው የቤዝቦል ሆል ኦፍ ፌም ገብቷል። ቡድኑ የራሱ የባቡር ፉርጎ ነበረው፣ እዛው ይበላሉ እዛው ይተኛሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ሆቴል አይቀበላቸውም ነበር። ፉርጎው ራሱ ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ ነው፣ ከተማ ሲደርሱ ደግሞ በብስክሌት ሰልፍ ይወጡ ነበር። ከነሱ ጋር የተያያዘ ወረቀት በጣም ብርቅ ነው፣ ያገኘ ሰው ግን ተራ ነገር አላገኘም።

ዓመቱን ማወቅ

ዋናው ስራ ይሄ ነው፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። እነዚ ወረቀቶች ለሳምንት እንዲያገለግሉ የታተሙ ስለሆኑ አብዛኛዎቹ ዓመት የላቸውም፣ ቅዳሜ ጁላይ 4 ብሎ ዝም ነው። በቃ ከዛ ነው የምትነሱት።

እንበል አንድ ሃንድቢል አገኛችሁ፣ ከላይ ቦስተን ኤንድ ፕሮቪደንስ ሬልሮድ ይላል፣ ቅዳሜ ጁላይ 4 ይላል፣ የናሽናል ሊግ ጨዋታ ይላል፣ ሻጩ ደግሞ 1890ዎቹ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፎበታል። ካላንደር ክፈቱ፣ ከ1870 እስከ 1900 ባለው ውስጥ ጁላይ 4 ቅዳሜ የዋለው በ1874፣ በ1885፣ በ1891 እና በ1896 ነው። ናሽናል ሊግ የተመሰረተው በ1876 ስለሆነ 1874 ወጣ። ቦስተን ኤንድ ፕሮቪደንስ በ1888 ለኦልድ ኮሎኒ ሬልሮድ በሊዝ ስለተሰጠ ከዛ ወዲህ በራሱ ስም ማስታወቂያ ያወጣል ተብሎ አይጠበቅም፣ 1891 እና 1896ም ወጡ። የቀረው 1885 ነው። የፕሮቪደንስ ግሬይስ ናሽናል ሊግ ውስጥ የነበሩት ከ1878 እስከ 1885 ነው፣ በ1884 ሻምፒዮን ሆነው በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ የፈረሱት ማለት ነው፣ ስለዚ ወረቀቱ ላይ የነሱ ስም ካለ የመጨረሻ ዓመታቸውን ነው የያዛችሁት። ሻጩ 1890ዎቹ ያለው ወረቀት እናንተ ጋ ሌላ ነገር ሆነ። ቀጥሎ ሬትሮሺት የሚባለው ድረገጽ ላይ ገብታችሁ ያን ቀን ማን ከማን ጋር የት እንደተጫወተ ማየት ነው፣ ከ1871 ጀምሮ ያሉትን የትልልቅ ሊጎች ጨዋታ ዝርዝር በነጻ ያሳያል፣ ካልገጠመ ወረቀቱን መልሳችሁ ጠይቁት።

ለትንንሽ ከተሞች ጨዋታ ሬትሮሺት አይረዳችሁም፣ እዛ ላይ ጋዜጣ ነው። የላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ክሮኒክሊንግ አሜሪካ የድሮ ጋዜጣ በነጻ ያስነብባል። ከጨዋታው ቀን በፊት ያለውን ሳምንትና ከጨዋታው በኋላ ያሉትን ሁለት ቀኖች አንብቡ፣ በፊት የባቡሩን ማስታወቂያ በኋላ ውጤቱን ታገኛላችሁ፣ ዝናብ ጥሎ የተሰረዘም ከሆነ እሱም መረጃ ነው።

ሰዓቱንም እዩት። እስከ 1883 ኖቬምበር 18 ድረስ የባቡር ካምፓኒው ሁሉ የየራሱ ከተማ ሰዓት ነበረው፣ ያን ቀን ነው አሁን ያለው የሰዓት ክልል በባቡሮቹ የጀመረው። በ1879 ታተመ የሚባል ወረቀት ላይ የኢስተርን ወይም የሴንትራል ስታንዳርድ ታይም የሚል ካያችሁ አንድ ነገር አለ። የእሁድ ጨዋታም እንደዛው ነው፣ ናሽናል ሊግ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሁድ መጫወት ይከለክል ነበር፣ ኒውዮርክ ሲቲ በ1919፣ ቦስተን በ1929፣ ፊላደልፊያና ፒትስበርግ በ1934 ነው የትልቅ ሊግ የእሁድ ጨዋታ በህግ የተፈቀደላቸው። በ1895 እሁድ ፒትስበርግ ውስጥ የናሽናል ሊግ ጨዋታ ብሎ የሚጋብዝ ብሮድሳይድ ካቀረቡላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሁፍ ሳታዩ ደግሞ እንዳትዘሉ። ብዙ የባቡር ካምፓኒዎች የህትመት ቁጥር ያስቀምጡ ነበር፣ ለምሳሌ 6-10-95-5ኤም የሚል ካለ ጁን 10 ቀን 1895 5 ሺህ ቅጂ ታተመ ማለት ነው፣ ኤም የሮማውያን ሺህ ናት። እሷው ጋ የአታሚው ስም ይኖራል፣ ቺካጎ ከሆነ ራንድ ማክናሊ (ካርታ ከማተሙ በፊት የባቡር ትኬትና የጉዞ ሰሌዳ አታሚ ነበር) ወይም ፑል ብራዘርስ፣ በፋሎ ከሆነ ማቲውስ ኖርዝረፕ ሊሆን ይችላል። ከጎን የመንገደኞች ክፍል ሃላፊው ስም ይጻፋል። እሱን ስም ከ1868 ጀምሮ በየጊዜው ሲወጣ በነበረው ኦፊሻል ጋይድ ኦፍ ዘ ሬልዌይስ ላይ ታመሳክሩታላችሁ፣ ሰውየው ከየት እስከ የት ዓመት እዛ ቦታ ላይ እንደነበረ ይወጣላችኋል። አንዳንድ ሰው ፍሬም ውስጥ እንዲገባለት ብሎ የታችኛውን ህዳግ በመቀስ ቆርጦት ታገኛላችሁ፣ ያናድዳል፣ ከነጭራሹ ማንነቱን ነው የቆረጠው።

ፎርጅዱን መለየት

ከቀላሉ ልጀምር፣ ስሙን አንብቡ። የ1800ዎቹ ማስታወቂያ ቦስተን ከቺካጎ ይላል እንጂ የቅጽል ስም ጋጋታ አያበዛም። ቦስተን ሬድ ሶክስ የሚለው ስም ከ1908 በፊት የለም፣ ቦስተን ብሬቭስ ከ1912 በፊት የለም፣ ክሊቭላንድ ኢንዲያንስ ከ1915 በፊት የለም። አሁን የምናውቀው ዎርልድ ሲሪስ፣ የናሽናል ሊግና የአሜሪካን ሊግ ፍልሚያ፣ በ1903 ነው በቦስተንና በፒትስበርግ የተጀመረው። የ1905 የሬድ ሶክስ የሽርሽር ባቡር ፖስተር አየሁ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ የሆነ ሰው ጋራዥ ውስጥ ነው የታተመው።

ሁለተኛው፣ በጣም ካማረ ተጠራጠሩ። ፎርጅድ ሰሪው ሊሸጥ ስለሚፈልግ ሁሉንም ይደረድራል፣ ጭስ የሚተፋ ባቡር፣ ዱላ የያዘ ባለ ሪዝ ተጫዋች፣ የታዋቂ ሰው ስም፣ ትልቅ ዓመተ ምህረት። የባቡር ካምፓኒው ግን ያን ጊዜ ትኬት ነበር የሚሸጠው፣ የሚያስጨንቀው ስንት ሰዓት ይነሳል፣ ስንት ነው፣ የት የት ይቆማል፣ መቼ ይመለሳል የሚለው ነው። ደርሶ መልስ ዋጋና የጣቢያ ዝርዝር የሌለው የሽርሽር ማስታወቂያ የሰርጉ ቦታ ያልተጻፈበት የጥሪ ካርድ ማለት ነው።

ከዛ ወደ እጃችሁ። 10 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ግዙ፣ ውድ አይደለም። እንደ ማህተም በፊደል ተጭኖ የታተመ ወረቀት ላይ ቀለሙ በፊደሉ ጠርዝ ላይ ተገፍቶ ይወፍራል፣ መሃሉ ይሳሳል፣ ወረቀቱን ገልብጣችሁ መብራት ከጎን ብታበሩበት የተጫነበት እብጠት ይታያል፣ ትልልቁ የእንጨት ፊደል ላይ ደግሞ ጭረትና የእንጨቱ መስመር ይገኛል። የድንጋይ ህትመት ቀለሙ በእጅ እንደተነቀጠ ያለ ስርዓት የተበተነ ነጥብ ነው። በስርዓት የተደረደረ ባለአራት ቀለም አበባ የሚሰራ ነጥብ ካያችሁ ኦፍሴት የሚባለው የማሽን ህትመት ነው፣ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው ማለት ነው። ደቃቅ የተረጨ የሚመስል ከሆነማ የቤት ፕሪንተር ነው። በነጥብ የታተመ ፎቶ ራሱ የተለመደው በ1880ዎቹና 90ዎቹ ስለሆነ የ1870ዎቹ ሃንድቢል ላይ ፎቶ ካለ ጥያቄ የለውም።

አልትራቫዮሌት መብራትም ያዙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሰራ ነጭ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ማንጫ ኬሚካል ስላለበት ጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፣ የድሮው ደብዛዛ ነው። ግን ጠንቀቅ፣ አለማብራቱ ብቻውን ኦሪጅናል አያደርገውም፣ ከድሮ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ቆርጦ የሚያትም ሞልቷል። አሮጌነቱንም እዩት፣ የእንጨት ወረቀት ከውስጡ ባለው አሲድ ሲያረጅ ከዳርና ከእጥፋቱ ጀምሮ ነው የሚጠቁረው የሚሰባበረው፣ በሻይ ወይ በቡና የተነከረ ግን ባንድ ቀለም ይቡናማል ወይ እንደ ኩሬ የተከበበ እድፍ ይሰራል፣ ጠረኑም አንዳንዴ አለ። እጥፋት አያስፈራችሁ፣ ለጣቢያ ሰራተኞች ታጥፎ ነው ይላክ የነበረው። ጥግ ላይ ያለ የሚስማር ቀዳዳም እንደዛው፣ እንዲያውም እኔ ደስ ይለኛል፣ ተለጥፎ ነበር ማለት ነው።

የት ይገዛል

ትልልቁ እቃ ሄሪቴጅ፣ ሮበርት ኤድዋርድ ኦክሽንስ፣ ሀንት ኦክሽንስ፣ ስዋን ጋለሪስ ጨረታ ላይ ነው የሚወጣው። ባትገዙም የድሮ ጨረታ ውጤቶቻቸውን አንብቡ፣ ዋጋ የምትማሩት እዛ ነው። ስትጫረቱ ከአሸናፊው ዋጋ በላይ የገዢ ኮሚሽን እንዳለ አትርሱ፣ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ወይም ከዛ በላይ ነው፣ 1000 ዶላር አሸነፍኩ ስትሉ 1200 ከነመላኪያው ደግሞ ከዛ በላይ ትከፍላላችሁ። ኢቤይ ላይ ለትንንሹ እቃ ጥሩ ነው፣ ፎቶው ካላጠገባችሁ የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ፣ ጀርባውን ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ምክንያት አለው። የኢፌመራ (እንደነዚህ ለአጭር ጊዜ የታተሙ ወረቀቶች) እና የባቡር እቃ ሰብሳቢዎች የሚሸጡበት ባዛር ግን ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፣ ወረቀቱን ነክታችሁ ታያላችሁ፣ ሻጩ ከየት እንዳገኘው ያወራላችኋል። በ1971 የተመሰረተው የቤዝቦል ተመራማሪዎች ማህበር ሳበርም አለ፣ የ1800ዎቹን ቤዝቦል የሚያጠኑ አባላት አሉት፣ አንድ ጨዋታ ጠፍቶባችሁ ብትጠይቁ የሚያውቅ አይጠፋም።

የስርቆት ነገር በቁም ነገር የሚታይ ነው። ከኒውዮርክ ፐብሊክ ላይብረሪ የስፓልዲንግ ስብስብ ውስጥ የሃሪ ራይት ደብዳቤዎችን ጨምሮ የ1800ዎቹ የቤዝቦል ወረቀቶች ጠፍተዋል፣ በኋላም ገበያ ላይ ብቅ ብለው ኤፍቢአይ ድረስ የደረሰ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚ ማህተም ወይም የተፋቀ ማህተም፣ የመደርደሪያ ቁጥር፣ ከጥራዝ የተቀደደ የሚመስል ዳር ካያችሁ ላይብረሪው በይፋ ያስወገደው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ርካሽ ነው ብሎ ዝም ማለት አይሆንም፣ ባለቤቱ ሲመጣ ገንዘባችሁም ወረቀቱም ይሄዳል።

አያያዝ

እዚህ ላይ ብዙም አልረዝም። ላሚኔት ማድረግ የለም። ስኮች መለጠፍ የለም፣ የተቀደደም ቢሆን። ማይላር የሚባለው ጥርት ያለ ፖሊስተር ኤንቨሎፕ ውስጥ ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን አድርጋችሁ አስተኝታችሁ አስቀምጡት። ጣራ ስርና ምድር ቤት አታስቀምጡ፣ ሙቀትና እርጥበቱ ከፍ ዝቅ ሲል ነው ወረቀት የሚበላሸው፣ እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ ባለው ውስጥ ቢቆይ ጥሩ ነው። ሃንድቢሎቹ የታተሙበት ሮዝና አረንጓዴ ርካሽ ወረቀት በብርሃን ቶሎ ይነጣል፣ ግድግዳ ላይ ማየት ካማራችሁ ጥሩ ስካን አሰርታችሁ ኮፒውን ስቀሉ። ትልቅ ብሮድሳይድ የተሰባበረ ከሆነ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ጨርቅ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ግን ስትሸጡት መጠገኑን መናገር ግዴታችሁ ነው፣ ስትገዙም ጠይቁ።

ያገኛችሁትን መረጃ ሁሉ፣ የጋዜጣውን ስምና ቀን፣ ውጤቱን፣ ከማን በስንት እንደገዛችሁ፣ ለብቻው ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከኤንቨሎፑ ጀርባ አኑሩት። በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ ቀለሙ ይሻገራል፣ ዋናው ወረቀት ላይ ግን በእርሳስም ቢሆን ምንም አትጻፉ።